«ጸልዬበታለሁ» ያልኳት ዕለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ ወጣት ሥራውን ይልቀቅ ወይስ ይቆይ ተጨንቆ፣ «እግዚአብሔር ምልክት እስኪያሳየኝ እጠብቃለሁ» ሲል የጻፈላችሁን አነበብኩ። ልጄ፣ መጠበቅህ መልካም ነው። ስለ ምልክቱ ግን የምነግርህ አለኝ።

31 ዓመት በሂሳብ ሠራተኝነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እንጀራዬ የሰው መዝገብ መመርመር ነበር። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ አንድ የቅርብ ወዳጄ ለንግዱ ሊበደር ፈልጎ ዋስ እንድሆነው ጠየቀኝ። ሦስት ሌሊት ጸለይኩ። ጸለይኩ እላለሁ እንጂ፣ ወዳጄን እምቢ ማለት ስላሳፈረኝ ልቤ በመጀመሪያው ሌሊት ፈርሞ አድሯል። በሦስተኛው ሌሊት ዓይኔን ጨፍኜ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጥኩና ጣቴን አሳረፍኩ። ከዜና መዋዕል የትውልድ ዝርዝር ወጣ። ይህ መልስ አይሆንም ብዬ ደገምኩ፤ ዘሌዋውያን፣ ስለ ለምጽ። በሦስተኛው ጊዜ መሳፍንት ምዕራፍ 6 ላይ ለጌዴዎን የተነገረው «በዚህ በጉልበትህ ሂድ» የሚለው ወጣልኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት አለ!

ጠዋት ጫማዬን ሳስር ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ለመሆኑ የንግዱን መዝገብ አይተኸዋል?» አለችኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መዝገብ ሲያገላብጥ ለኖረ ሰው! ቀና እንኳ ሳልል «ጸልዬበታለሁ» አልኳት። ዝም አለች። ምን ትበል? ከዚህ ቃል በኋላ ጥያቄ ማንሳት ከአምላክ ጋር መከራከር ይመስላል።

ወዳጄ አልከፈለም፤ ዕዳው ወደ እኔ ዞረ። አራት ዓመት ከፈልኩ። ዝርዝሩ ይቅር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያ ዕጣ ያወጣሁበት መጽሐፍ በምሳሌ ምዕራፍ 22 ለብድር ዋስ አትሁን፣ የምትከፍለው ባይኖርህ ምንጣፍህን ከሥርህ ለምን ይወስዱብሃል ይላል። ምዕራፍ 6 ደግሞ አንዴ ዋስ የሆነ ሰው ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደምትድን ራሱን እንዲያድን ይመክራል። መልሱ ተጽፎ ተቀምጦልኝ ነበር። እኔ ግን ጌዴዎን እስኪወጣልኝ ድረስ ገለጥኩ።

ኢያሱ ምዕራፍ 9 ላይ የገባዖን ሰዎች የሻገተ እንጀራና ያረጀ ጫማ ይዘው፣ ከሩቅ አገር መጣን ብለው የእስራኤልን አለቆች አታለሉ። አለቆቹ ስንቁን አይተው የእግዚአብሔርን ምክር ሳይጠይቁ ማሉላቸው። የእኔ ተገላቢጦሽ ነው፤ እግዚአብሔርን ጠየቅሁ ብዬ እንጀራውን ሳላይ ማልኩ። የሚገርመው፣ ሰሎሞን በሕልሙ አስተዋይ ልቡና የለመነው በዚያው በገባዖን ነው። በኋላ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሕፃን ሲጣሉ ግን ዕጣ አላወጣም፣ ምልክትም አልጠበቀም። ሁለቱንም አዳመጠ፤ ከዚያ ሰይፍ አስመጥቶ የእናቲቱን አንጀት ፈተነ። የተሰጠውን ጥበብ ሠራበት ማለት ነው።

«በራስህም ማስተዋል አትደገፍ» የሚለውን ጠቅሶ የሚሞግተኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ጥቅሱን ስወደው ኖሬአለሁ። አትደገፍ አለ እንጂ ማስተዋልህን አውጥተህ ጣል አላለም። በዚያን ጊዜ የተደገፍኩትም በማስተዋሌ አልነበረም፤ በይሉኝታዬ ነበር። ይሉኝታ ደግሞ ጸሎት ሲያውቅበት ለጉድ ነው።

አሁን አንድ ደብተር አለኝ። ከመጸለዬ በፊት እንዲሆንልኝ የምፈልገውን መልስ በግልጽ እጽፋለሁ፤ ስጸልይ የማን ድምፅ እንደሚመልስልኝ ለመለየት ይረዳኛል። አንዳንዴ የጻፍኩትን ሳነበው ራሴን እታዘባለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ልጃችን ቤታችንን ሸጠን ከእርሱ ጋር እንድንኖር ጠይቆናል። ደብተሩ ላይ «እሺ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ናፍቀውኛላ! ሁለት ሳምንት ጸለይኩ፤ እስካሁን ወዲህም ወዲያም የሚል ነገር በልቤ አልገባም። ባለቤቴ የሽያጩን ውል ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ መነጽሯን አድርጋ እርሳስ ይዛ እያነበበች ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሳለች። ሁለት ቦታ አስምራለች።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የሂሳብ ሠራተኛ