ኤሲው የራሱ ቆጣሪ ይግባለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። እንደ ጋምቤላ ባለ ወበቃማ ከተማ ሆቴል ወይም ባንክ የሚያስተዳድር ሰው ሂሳቡ ሲመጣ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ታሪፉ ላይ ስንከራከር ግን ኃይሉን ማን እንደጨረሰው ሳንጠይቅ እንቀራለን።

ዱባይ ውስጥ በቢሮ ሕንፃዎች የኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ጥገና ላይ እሠራለሁ። የወር ሂሳብ ስንት እንደተከፈለ እንጂ የት እንደባከነ አይናገርም። ለቺለሩ (ለሕንፃው ማቀዝቀዣ የሚሆነውን ውሃ ለሚያቀዘቅዘው ዋና ማሽን)፣ ለፓምፖቹና ለአየር ማራገቢያዎቹ የየራሳቸው ቆጣሪ ገብቶ ንባቡ በየሰዓቱ ሲመዘገብ ነው ነገሩ የሚገለጠው። በአንድ ሕንፃ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከጥበቃዎች በቀር ሰው የለም፤ ፍጆታው ግን ከቀኑ እምብዛም አልወረደም። ሲፈተሽ የውጭ አየር የሚያስገባው ማራገቢያ የሰዓት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ እርጥብ አየር ሲስብ ያድር ነበር።

በወበቅ አገር ይህ ከባድ ብክነት ነው። ኤሲ አየሩን ከማቀዝቀዝ ሌላ እርጥበቱንም ማውጣት አለበት፤ ከአየር ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ ለማውጣት ብቻ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት መወገድ አለበት። ስለዚህ ከሙቀት መለኪያ ጎን የእርጥበት መለኪያም ያስፈልጋል። ሌሊት ኤሲውን ጨርሶ አጥፉት የሚሉ አሉ፤ ሻጋታ ስለሚያመጣ እኔ አልመክርም። ሰው በሌለበት ሰዓት የውጭ አየር መግቢያውን መዝጋት ይሻላል።

ሙቀትና እርጥበት ዓመቱን ሙሉ የማይለያት ሲንጋፖር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሻሻለችው የሕንፃ ሕግ የንግድ ሕንፃ ባለቤቶች የኃይል ፍጆታቸውን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ አስገድዳለች። ማዕከላዊ ማቀዝቀዣዎችም በየጊዜው ኦዲት ይደረጋሉ። እኛም የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 አለን፤ ቁጠባን ይመለከታል፤ ሕንፃዎቻችን ውስጥ ገብቶ መታየት አለበት።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው፤ በቆላ ከተሞቻችን ገና የሚገነባ ብዙ ነው። ሽቦው ተቀላቅሎ ከተዘረጋ በኋላ መለየት ውድ ነው፤ በዲዛይን ጊዜ ግን ወጪው ትንሽ ነው። የግንባታ ፈቃድ ሰጪዎች የኤሲ መስመር ከመብራትና ከሶኬት ተለይቶ በራሱ ቆጣሪ እንዲያልፍ ያስገድዱ። ሕንፃው ቀድሞ ያለቀ ከሆነም፣ ጥበቃው ማታ ሲረከብና ጠዋት ሲያስረክብ ዋናውን ቆጣሪ አንብቦ መዝገብ ላይ ይጻፍ።

የኤሲ ቴክኒሻን፣ ከዱባይ