የመመረቂያ ፊልሙ ለተቀረጸው ሰውም ይድረሰው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዩኒቨርሲቲ ስለሚሰጠው የፊልምና የቴሌቪዥን ትምህርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ካሜራ ያንሳል፣ መብራት ያንሳል፣ መምህር ያንሳል ይላል። ልክ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፦ ተማሪዎቹ የሚሠሩት ፊልም የት ነው የሚገባው?

ጎንደር ፒያሳ ላይ ሠርግ፣ ክርስትናና ጥምቀት ስቀርጽ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከቪኤችኤስ ካሴት ጀምሬ ሚሞሪ ካርድ ላይ ደርሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ሙያውን የለመድኩት ሙሽራዋ ልትስቅ ስትል ባትሪ እያለቀብኝ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሦስት የፊልም ተማሪዎች ትራይፖድ ሊከራዩ መጡ። የየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆኑ አልጽፍም። የመመረቂያ ፊልማቸው ስለ ሙሾ ነበርና «ጋሼ፣ ደህና ሙሾ አውራጅ ያውቃሉ?» አሉኝ። አላውቅም እንዴት ልበል? የእናቴ ታናሽ፣ ቁስቋም የምትኖረው አክስቴ፣ ለቅሶ ቤት ስትገባ ያልመጣውን እንባ የምታመጣ ሴት ነበረች። ወሰድኳቸው።

መጀመሪያ እምቢ አለች። «ሬሳ በሌለበት ሙሾ ሟርት ነው» ብላ። ልጆቹ ግን አልሄዱም። ጾመ ነቢያት ስለነበር ሽሮና ጎመን ታበላቸዋለች፣ እነሱ ውኃ ይቀዱላታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ በአራተኛው ቀን «እንግዲያው ለሟቹ ባሌ ላውርድ» አለች።

የተማሩትንና ያልተማሩትን ያየሁት ያን ቀን ነው። ዓይን አላቸው። መስኮቱን በጎኗ አድርገው ሲያስቀምጧት ፊቷ እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕል ሆነ። ድምፁን ግን ረስተውታል። ማይኩ ካሜራው ላይ ነው፣ ካሜራው በሩ ጋ ነው፣ ከቤቱ ኋላ ደግሞ ወፍጮ ቤት አለ። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ለምኜ ለሁለት ሰዓት አስቆምኩት፤ እህል ይዘው ከተሰለፉት ሴቶች የሰማሁትን ስድብ አልነግራችሁም። የፍሎረሰንቱ መብራት ምስሉ ላይ ሲርገበገብም አገራችን መብራቱ 50 ኸርዝ ነው፣ ሹተሩን፣ ማለት ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ፍጥነት፣ ከ60ኛ ወደ 50ኛ ሰከንድ አውርዱት ያልኳቸው እኔ ነኝ። አንደኛው ልጅ መጀመሪያ የመረጠው ሕግ እንደነበርና ፊልም እንደተመደበበት አጫውቶኛል፤ እሱን እንኳ አልፈርድበትም።

ከሦስቱ አንዷ ግን ጆሮ ነበራት። ሁሉም ካለቀ በኋላ «አንድ ደቂቃ ማንም እንዳይንቀሳቀስ» ብላ የጸጥታውን ድምፅ ቀዳች። ቅንብር ላይ ንግግር ተቆርጦ ሲቀጠል ክፍተቱ የሚሞላው በዚያ ነው። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ይቺ ልጅ ዝም ማለታችንን ነው የምትቀዳው?» አለችኝ። ያ ሹክሹክታም አብሮ ተቀድቷል።

ሲሄዱ «ፊልሙን እናመጣለን» አሉ። ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ። አክስቴ በ2015 ዓ.ም. አረፈች። ለአርባዋ ልጆቿ ድምፅዋን ሊሰሙ ቢፈልጉ፣ የስንቱን ሰው ሠርግ የቀረጽኩ እኔ አንድ ደቂቃ የሷ ቅጂ የለኝም። ከሰው ሠርግ መሀል እልልታዋን ለይቼ ለማውጣት ሞከርኩ፤ አልሆነም። ለባሏ ካወረደችው ውስጥ የማስታውሰው አንድ ስንኝ ብቻ ነው፦ «ደጃፉን አትዝጉት ሲመሽ ይመጣል ብዬ»። ተከታዩ በ«ዬ» እንደሚመታ አውቃለሁ፤ ቃሉ ግን ጠፋኝ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ጋ ደወልኩ፤ ሀርድ ዲስኩ ተቃጥሏል። ትምህርት ክፍሉ ሄድኩ፤ አንድ ቅጂ ገብቶ ነበር፣ የተረከበው መምህር ለቋል፣ ለውጭ ሰውም አይሰጥም። አክስቴ ጣቷን ቀለም ነክራ የፈረመችበት የፈቃድ ወረቀት ራሱ በእንግሊዝኛ ነበር። ምን እንደፈቀደች የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

የተማሪ ፊልም ተራ ነገር የሚመስለው ካለ፣ የከተማችንን ልጅ፣ የፊልም ዳይሬክተሩን ኃይሌ ገሪማን ያስታውስ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በአብዮቱ ሰሞን እዚህ አገር መጥቶ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲቀርጽ ሎስ አንጀለስ ገና ተማሪ ነበር። ዛሬ ልናየው የቻልነው ዋናው ቅጂ ሳይጣል ቆይቶ ጣሊያን አገር ቦሎኛ ውስጥ ስለተጠገነ ነው።

ከዩኒቨርሲቲዎች የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። ፊልሙ ለመምህሩ ከመግባቱ በፊት አንድ ቅጂ ለተቀረጸው ሰው ወይም ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ መቀበላቸውን ፈርመው ያ ወረቀት ከፊልሙ ጋር ካልገባ ውጤት አይያዝ። ወረቀቱም በሚገባቸው ቋንቋ ይሁን። ሌላ ቅጂ ደግሞ በተቀረጸበት ከተማ ይቅር። ጎንደር ከሆነ እኔ ሱቄ ውስጥ 4 ቴራባይት አለኝ፣ በነጻ አስቀምጣለሁ። ጣሊያን በሠራው የፒያሳ ሲኒማ አንድ ቀን ለሰፈሩ ሰው ማሳየት ቢቻልማ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬም ያዋለው ውለታ ምን እንደሆነ ባየ ነበር።

ያቺ ድምፅ ስትቀዳ የነበረችው ልጅ ይህን ካነበበች፦ ልጄ፣ ልወቅስሽ አይደለም። ሙሉው ፊልም ባይገኝም ግድ የለም። ጸጥታውን የቀዳሽባት አንዲት ደቂቃ በስልክሽም፣ በላፕቶፕሽም የሆነ ቦታ ተቀምጣ ከሆነ ላኪልኝ።

የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ፣ ከጎንደር ፒያሳ