አባዬ፣ ባቱ ላይ አቁም

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ልጆቹ ብቻ "አባባ መቼ ነው የሚመጣው?" እያሉ ሰላም ነስተውኛል።

ይሄን በስልክ ልነግርህ ነበር። በስልክ ስነግርህ ግን "እሺ፣ እሺ" ትልና ወሬ ትቀይራለህ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

እማዬ ያለፈውን ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፣ አስጨንቄ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ያን ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተህ ከሐዋሳ መጣህ፣ ጉዳይህን ጨረስክ፣ እኛ ቤት ምሳ በልተህ በዚያው ተመለስክ። ባቱ ከተማን እንዳለፋችሁ የቀኝ ጎማዎቹ አስፋልቱን ለቀው ጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሹ፣ እማዬ ትከሻህን በመዳፏ መታችህ። ከፊታችሁ ጋሪ ነበር፤ ሁለት ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡበት። አንተ ግን "አልተኛሁም፣ እያየሁ ነው" አልካት።

ዋሽተሃል አልልም። እንዲህ ያለው እንቅልፍ ሲመጣም ሲሄድም ለባለቤቱ አይታወቀውም። ዓይን እንደተገለጠ እንኳ ሰው ለጥቂት ሴኮንድ ይጠፋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄድክ 4 ሴኮንድ ብታሸልብ መኪናው ያለ ሾፌር ወደ 90 ሜትር ይጓዛል። የመቂና የባቱ መንገድ ደግሞ ሜዳ ነው፣ ይሞቃል፣ ሰው የሚያነቃ ዳገትም ጠመዝማዛም የለውም። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ምሳ ባትበላም እንኳ ሰውነት በራሱ የሚዝልበት ሰዓት ነው።

አንድም ቀን ጠጥተህ መሪ ይዘህ አታውቅም፤ በዚህ እኮራብሃለሁ። ግን 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው እጁም ዓይኑም የሚዘገየው መጠጥ እንደቀመሰ ሰው ነው። መስኮት መክፈት፣ ሬዲዮ ማስጮህ፣ ፊት ላይ ውኃ መርጨት ለጥቂት ደቂቃ ያታልላሉ እንጂ አያነቁም። የሌሊት ተረኛ አድሬ ስመለስ ሁሉንም ሞክሬያለሁ፤ አሁን ታክሲ ነው የምይዘው።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። ለገና እኛ ቤት ያደራችሁ ጊዜ በርህ ላይ ቆሜ ስሰማህ፣ ማንኮራፋትህ ድንገት ቀጥ አለ። መቁጠር ጀመርኩ። 15 ስደርስ ነው ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስበህ የባነንከው። ከዚያ ደግሞ እንደገና። ሌሊቱን እንዲህ እያደረ የሚነጋለት ሰው፣ አልጋ ላይ 8 ሰዓት ቢቆይም እንቅልፍ አላገኘም። አንተ "እርጅና ነው" ትላለህ፤ አይደለም፣ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናም አለው። ሐኪም ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ ስትመጡ እኛ ቤት አድራችሁ ጠዋት ትሄዳላችሁ። መንገድ ላይ ከደከመህ ባቱ አቁም። አንድ ስኒ ቡና ጠጥተህ ወዲያው ወንበሩን አጋድምና 20 ደቂቃ ተኛ፤ ቡናው እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ስትነቃ ይደርስልሃል።

በአሰብ መስመር ኤንትሬ የጭነት መኪና ስትነዳ፣ ረዳትህ ሌሊቱን ሲያወራህ ያድር እንደነበር ነግረኸን የለ? ዝም ካለ ትቆጣው ነበር። አሁን ረዳትህ እማዬ ናት። "አቁም" ስትልህ አቁምላት።

ናፋቂህ ልጅህ