ሳይሠራ «ፕሮግራም ተደርጓል» ተብሎ ስለተሸጠልኝ የእጅ ሬዲዮ የቀረበ ቅሬታ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለመገናኛ ሬዲዮና ኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ያዘዝኩት ዕቃ ተለውጦ ስለተላከልኝና ላልተሠራ ሥራ ክፍያ ስለተወሰደብኝ፣ ዕቃው እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

ከመደብርዎ አራት የእጅ መገናኛ ሬዲዮ፣ አንድ የፕሮግራም ኬብል፣ እንዲሁም የፕሮግራም ሥራ (የምናገርባቸውን ፍሪኩዌንሲዎች ወደ ሬዲዮው የማስገባት ሥራ) ገዝቻለሁ። የደረሰኙን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው «ዎኪ ቶኪ፣ 4» የሚል ብቻ ነው፤ ሞዴል የሚባል ነገር የለበትም። ደውዬ ሞዴሉ ለምን እንዳልተጻፈ ስጠይቅ ሠራተኛዎ «አብሽር፣ ይታወቃል» አለኝ። አሁን የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ ነገሩን በጽሑፍ ማስቀመጥ ግድ ሆኖብኛል።

ያዘዝኩት ባኦፌንግ ዩቪ-5አር የሚባለውን ባለ ሁለት ባንድ፣ ማለትም በሁለት የፍሪኩዌንሲ ክልል የሚሠራውን ሬዲዮ ነው። ስሙንም ፎቶውንም በቴሌግራም ልኬ፣ «አለ፣ ስንት ይሁንልህ» የሚል መልስ ካገኘሁ በኋላ ነው ገንዘቡን በቴሌብር ያስገባሁት። የመልእክቱ ፎቶ ተያይዟል። በሚኒባስ ተልኮልኝ ኮምቦልቻ ላይ ካርቶኑን ስከፍት ግን የወጣው ቢኤፍ-888ኤስ ነው፤ አራቱም። ስክሪን የለውም፣ የቁጥር ቁልፍ የለውም። ያለው ከ1 እስከ 16 የሚዞር ማዞሪያና ቻናል በተቀየረ ቁጥር ቁጥሩን በእንግሊዝኛ የምትጠራ ሴትዮ ናት።

ወዲያው ደወልኩ። የተሰጠኝ መልስ «ቻይና ሁሉ ያው ነው፣ ሁለቱም ያወራል፤ እንዲያውም ማስተካከል የማያስፈልገው ነው የደረሰህ» የሚል ነበር። ይህን መልስ የሰጠው ሰው የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም ብዬ ብደመድም አይፈረድብኝም። የ888 ሬዲዮ የሚሠራው ከ400 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ብቻ ነው። ዩቪ-5አር ግን ከዚህ ከፍተኛ ክልል ሌላ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ያለውንም ይይዛል። እኔ አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን በፈቃድ የሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት፣ የማዘወትር ሰው ነኝ፤ ሥራውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ባለው ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚባለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው። በፈቃዴ ላይ የሰፈረው የሁለት ሜትር ባንድ ነው፣ ማለትም ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ። ይህንንም ገንዘብ ከመላኬ በፊት ጽፌላችሁ ነበር። እንግዲህ የላካችሁልኝ ሬዲዮ ሰማይ ቢወርድ፣ ምድር ቢገለበጥ 145 ላይ አይወጣም። ጉዳዩ የፕሮግራም አይደለም፤ ውስጡ ለዚያ አልተሠራም።

ለምን ይህን ባንድ እንደመረጥኩም ልናገር፤ ሠራተኛዎ «ምን ለየው» ብሎኛልና። ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢራራቁም በከፍታ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ይለያያሉ፤ በመሃል ደግሞ የሐረጎ ተራራ አለ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የኪሎ ሜትር ቁጥር ሜዳ ላይ፣ ምንም ሳይጋርድ የተለካ ነው። ወሎ ውስጥ ያንን ቁጥር የሚያምን ሐረጎን በሚኒባስ ወርዶ አያውቅም ማለት ነው። የእጅ ሬዲዮ የሚያወራው የሚተያይ ቦታ ላይ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ የወጣ ሰው በአምስት ዋት ሩቅ አገር ይሰማል፤ ያው ሰው ያንኑ ሬዲዮ ይዞ ደሴ ፒያሳ ከሕንፃ ጀርባ ቢቆም ሸዋ በር ያለውን ጓደኛውን ላይሰማው ይችላል። ረጅሙ ሞገድ፣ ማለትም የሁለት ሜትሩ፣ ከአጭሩ፣ ማለትም ከ888ቱ ሞገድ ይልቅ የኮረብታ ጫፍን ትንሽ እየታጠፈ ማለፍ ይችላል፤ ቅጠልና ዛፍም ያን ያህል አይበላውም። ተአምር አይሠራም፣ ግን እንደኛ ባለ አገር ያቺ ትንሽ ልዩነት ታስፈልጋለች። በዚያ ላይ ጓደኞቼ ደሴም ሐይቅም ያሉት የሚጠሩኝ 145.500 ላይ ነው፤ እነሱን በ888 እንዴት አድርጌ ልስማቸው?

ርካሽ መሆኑን አልጠላሁም። ርካሽ የፈለግሁት እኔው ነኝ። ዩቪ-5አር ውድ ሬዲዮ አይደለም፤ አጠገቡ ኃይለኛ ማሰራጫ ካለ ጆሮው ይደፈናል፣ ከካርቶኑ የሚወጣው አንቴናም እምብዛም ነው። ይህን ሁሉ አውቄ የመረጥኩት ያለ ኮምፒውተር በጣት የሚስተካከል ስለሆነ ነው። ተራራ ላይ ቆሜ ፍሪኩዌንሲውን በቁጥር እጽፋለሁ፣ ቶን (ሬዲዮዎች የሚለያዩበት ዝቅተኛ ድምፅ) ካስፈለገ ሜኑ 11 እና 13 ላይ እመርጣለሁ፣ ሜኑ 27 ላይ አስቀምጣለሁ፣ አለቀ። 128 ቻናል ይይዛል። የ888ቱን ግን አንዲት ቻናል ለመቀየር ላፕቶፕና ኬብል ይዞ መዞር ነው። 888 መጥፎ ዕቃ ነው አላልኩም፤ ለመጋዘን ጥበቃ ወይም ለሰርግ ካሜራ ቀራጮች ይበቃል፣ ጠንካራም ነው። እኔ ግን መጋዘን የለኝም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። በእያንዳንዱ ሬዲዮ ጀርባ «ፕሮግራም ተደርጓል» የሚል ስቲከር ተለጥፏል፤ ለዚህም በደረሰኙ ላይ ለብቻው ተከፍሏል። ፈቃዴ ላይ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች ከነቶናቸው አስቀድሜ ልኬላችኋለሁ። ካርቶኖቹን ስከፍት አራቱም ባትሪ ፋብሪካው ባሸገበት ፌስታል ውስጥ ነበር፤ አንዱም አልተቀደደም። ሬዲዮ ያለ ባትሪ አይበራም፣ ሳይበራም ፕሮግራም አይደረግም። ምናልባት በሱቁ ባትሪ ሠርተውት ይሆናል ብዬ በጎ በጎውን አስቤ ከጓደኛዬ ኬብል ተውሼ ቺርፕ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር አነበብኩት። የወጣው በ462 ሜጋኸርዝ የሚጀምር የፋብሪካ ዝርዝር ነው፤ አስራ ስድስቱም ቻናል። እኔ የላክሁት አንድም ቁጥር የለም፤ ሊኖርም አይችልም፣ ባንዱ የለማ! ሠራተኛዎ ቁጥሬን ለማስገባት አንዴ እንኳ ሞክሮ ቢሆን ኖሮ ሶፍትዌሩ ራሱ «አይሆንም» ይለው ነበር፤ የተሳሳተ ሞዴል መላኩም እዚያው ሱቁ ውስጥ ይታወቅ ነበር።

አንዱን አብርቼ ቻናል 1 ላይ ሳደርገው የማላውቀው ሰው «ሲሚንቶው በየትኛው በር ይግባ?» ሲል ሰማሁ። ቆየት ብሎ ሌላው «በኋላ በር፣ በኋላ በር» አለው። የግንባታ ቦታ ሠራተኞች ናቸው፤ ከየት እንደገዙ አላውቅም፣ ግን እንደኔው ፋብሪካ የላከውን ሳይነኩ እንደወሰዱ ግልጽ ነው። ለሁሉም ደንበኛ «ፕሮግራም ተደርጓል» እየተባለ አንድ ዝርዝር ከተሸጠ የከተማው ጥበቃ፣ ሰርገኛውና ግንበኛው ሁሉ አንድ ቻናል ላይ ይጯጯኻል። ከአራቱ አንዱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ እሱ ሌሎቹን ይሰማል፣ ሌሎቹ ግን እሱን አይሰሙትም። ቺርፕ ላይ ሲታይ ሦስቱ ሲቀበሉ ቶን ይጠብቃሉ፤ አራተኛው ምንም ቶን ሳይልክ ይናገራል። ቶን ማለት ከድምፃችን ሥር የሚላክ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ተቀባዩ የሚጠብቀውን ቶን ካላገኘ አፉን አይከፍትም። ይህን ለማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ በቂ ነው። እናንተ ግን አራቱን ጎን ለጎን አብርታችሁ አንዴ «ሄሎ» አላላችሁም፤ ብላችሁ ቢሆን አራተኛው እዚያው ይጋለጥ ነበር።

ይህ ለእኔ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው ፍሪኩዌንሲ የሚፈቅደው። 462 ሜጋኸርዝ አካባቢ ካሉት ቻናሎች አንዳንዶቹ አሜሪካ ውስጥ ቤተሰብ የሚያወራባቸው ናቸው፤ እኔ ኮምቦልቻ ላይ በእነሱ እንድናገር የሰጠኝ ፈቃድ የለም። ስቲከሩን አምኜ ቁልፉን ተጭኜ ባወራ ተጠያቂው እኔ ነኝ እንጂ ስቲከሩን የለጠፈው አይደለም። ፈቃድ ለማግኘት ስንት ወረቀት እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ባለ ነገር አይቀልድም። ከእናንተ የገዛው ያ ሲሚንቶ የሚያስገባው ሰው ከሆነ ደግሞ ይህን የነገረው ያለ አይመስለኝም።

ስለ ኬብሉ በአጭሩ። የሸጣችሁልኝ ኬብል ውስጥ ያለው ቺፕ ፕሮሊፊክ የተባለውን ኩባንያ የታወቀ ቺፕ አስመስሎ የተሠራ ነው፤ አዲሱ የዊንዶውስ ድራይቨር (ኬብሉን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ይህን ያውቅና አልሠራም ይላል። ይህን ስናገር የተሰጠኝ መልስ «ላፕቶፕህ ቫይረስ አለበት» የሚል ነው። የለበትም። የጓደኛዬ ኬብል በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ቀዳዳ ሠርቷል፤ የሁለቱም ሬዲዮ መሰኪያ አንድ ዓይነት ስለሆነ ኬብሉ አልገጠመም የሚባልበት ምክንያትም የለም። አሮጌ ድራይቨር ፈልጎ በማስገባት ሊታለፍ እንደሚችል አውቃለሁ። ግን ኬብል የሚሸጥ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊናገር ወይም የሚሠራውን ሊሸጥ ይገባል።

የምጠይቀው ይህ ነው። አራቱ 888 ተመልሰው በደረሰኙ ዋጋ ያዘዝኩት ዩቪ-5አር ይሰጠኝ፤ የዋጋ ልዩነት ካለ በቴሌግራም የተስማማነው ዋጋ ነው የሚሠራው። ከሌላችሁ ገንዘቤ ሙሉውን ይመለስልኝ፤ «ሌላ ዕቃ ውሰድበት» የሚለውን አልቀበልም፣ ከሱቃችሁ የምፈልገው ሌላ ዕቃ የለም። የፕሮግራም ክፍያው በየትኛውም መንገድ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ሥራው አልተሠራም፤ አዲሶቹን ራሴ ፕሮግራም አደርጋቸዋለሁ። ኬብሉም በሚሠራ ኬብል ይተካ። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ በግልጽ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ለገዢው ሰጥቷል፤ «ዎኪ ቶኪ፣ 4» የሚል ወረቀት ያንን አያሟላም።

የጠየቅሁትን ከመፈጸም ውጪ አንድ ነገር ብታደርጉ ደስ ይለኛል፣ ግዴታ ባይሆንም፦ ስቲከሩን ከመለጠፋችሁ በፊት ደንበኛውን የት እንደሚያወራ፣ ከማን ጋር እንደሚያወራና በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁት። ስለ ፈቃዱ ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ባለሥልጣኑ ምሩት። ገበያ ይቀንሳል ትሉኝ ይሆናል፤ ይቀንስ።

ሬዲዮዎቹ ከነቻርጀራቸውና ከነአንቴናቸው ወደ ካርቶናቸው ተመልሰዋል። የባትሪዎቹን ፌስታል ለመፈተሽ ስል ከፍቼዋለሁ፤ ከመክፈቴ በፊት ያነሳሁት ፎቶ፣ የቺርፑም ዝርዝር ከደብዳቤው ጋር አለ። ዕቃውን ደሴ ድረስ አምጥቼ የማስረክበው ተለዋጩ ወይም ገንዘቡ መዘጋጀቱን በጽሑፍ ስታሳውቁኝ ነው፤ የመመለሻው ማጓጓዣ በመደብሩ ይሸፈናል። ስልኬ በትእዛዙ መልእክት ላይ አለ። ደብዳቤው በደረሳችሁ በአስር የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለከተማው ንግድ መምሪያ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ገዢው፣ ኮምቦልቻ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ፣ የቴሌግራም መልእክት ፎቶ፣ የታሸጉት ባትሪዎች ፎቶ፣ ከሬዲዮዎቹ የተነበበው የቻናል ዝርዝር