ያሺካውን ለቆራሌ ከመስጠታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥቼ ነበር። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ወጣት መሬት ላይ በዘረጋው ማዳበሪያ ላይ ሦስት ካሜራዎች ከዛገ ሚዛንና ከተሰበረ ኩራዝ ጋር ተደርድረው አየሁ። ሁለቱ ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ናቸው፤ አንዱ ካኖኔት ነው። የአንደኛው ያሺካ ሌንስ ተፈልቅቆ ወጥቶ አጠገቡ ያለ ሕፃን ጉንዳን ያይበታል። ከየት እንዳመጣቸው ብጠይቀው ቆራሌዎች ከየቤቱ ሰብስበው እንደሸጡለት ነገረኝ። "አባቴ፣ የሞቱ ናቸው እኮ፤ ለጌጥ ካልፈለጓቸው አይሠሩም" አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህች ቃል ነው። አልሞቱም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በ1971 ዓ.ም. መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሳስተምር ያገለገለ ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ከአዲስ አበባ ገዛሁ። የሁለት ወር ደመወዜ ስላልበቃ ለበግ መግዣ ያጠራቀምኩትን ጨመርኩበት። ያሺካ ይህን ስም የያዘውን ካሜራ መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን የእኔው ጂኤስኤን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1973 የመጣው ነው። ሌንሱ ባለ 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ አይነቀልም፣ በሌላ አይለወጥም። በመመልከቻው መሐል ቢጫ ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ ሰውየው ሁለት ሆኖ ይታያል። ቀለበቱን ስታዞሩ ሁለቱ እየተቀራረቡ መጥተው አንድ ሲሆኑ ርቀቱ ልክ መጥቷል ማለት ነው። እኔ ሴቶችን ሳነሣ የነጠላውን ጥለት ይዤ ነበር የማስተካክለው፤ የጥለት መስመር አያሳስትም።

የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት እናንተ ትመርጣላችሁ፤ መዝጊያው ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ግን ካሜራው ራሱ ብርሃኑን መዝኖ ይወስናል፤ ከሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ አንሥቶ እስከ 30 ሰከንድ። መዝጊያው ሌንሱ ውስጥ ስለሆነና ብድግ የሚል መስታወት ስለሌለው ድምፁ የጣት ጥፍር ያህል ነው። በከተራ ምሽት፣ በማኅሌት፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳይቀር ማንንም ሳላውክ አንሥቼበታለሁ። ፍላሽ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም እዚያ አላበራውም ነበር።

እናቴን ያነሣኋት በኩራዝ ነው። ክረምት ነበር፤ የመንዝን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ምድጃው ዳር ተቀምጣ የጥቁር በግ ፀጉር ትፈትላለች። ካሜራውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው፣ እስከ 1.7፣ ከፈትኩት። ቁልፉን ስጫን ቢጫው መብራት በራ፤ ቀስ ብዬ ነው የምዘጋው፣ አታንቀሳቅሰኝ ማለቱ ነው። "እማዬ፣ እስቲ አንዴ ቀና በይ" አልኳት። ቅጭ ብሎ ተከፈተ፤ በልቤ አራት ያህል ቆጠርኩ፤ ቅጭ ብሎ ተዘጋ። ውስጡ የነበረው የምሥራቅ ጀርመኑ ኦርዎ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። ታጥቦ ሲመጣ ፊቷ ከነሽብሽቡ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ እንዝርቷ ግን ጭስ መስሏል፤ ቀና ብትልልኝም ጣቶቿ መሥራት አላቆሙማ። በ1982 ዓ.ም. ዐረፈች። ቤት ውስጥ ሆና የተነሣችው ፎቶ ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ካሜራው የሚሠራበት የባትሪ ድንጋይ ጠፋ። ይህ ካሜራ የተሠራው 5.6 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ድንጋይ ነው። ሜርኩሪ መርዝ በመሆኑ ብዙ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እነዚህን ድንጋዮች ከገበያ አስወጡ። የእኔው ድንጋይ ሲያልቅ ምትክ አጣሁ። አዲስ አበባ ወስጄ ለአንድ ጠጋኝ ባሳየው ሳይከፍተው "ውስጡ ተቃጥሏል፣ ለመለዋወጫ ሽጥልኝ" አለኝ። አልሸጥኩለትም፤ ነገር ግን አምኜው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ዛሬም የሚያናድደኝ ይህ ማመኔ ነው፤ የልጆቼን ዕድገት ያላነሣሁባቸው ዓመታት ናቸውና።

ከሁለት ዓመት በፊት ለገና ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ መጣና ጉዳዩን ሲሰማ ሳቀ። "ጋሼ፣ ካሜራው እኮ የራበው ድንጋይ ነው" ብሎ ሲመለስ ለካሜራ የሚሆን 6 ቮልት ድንጋይ በሰው ላከልኝ። ከድሮው ስለሚያጥር በካርቶን ጠቀለልኩት፤ ክፍተቱን ከአሮጌ የእጅ ባትሪ በነቀልኩት ጥምዝ ሽቦ ሞላሁት። የድንጋይ መፈተሻውን ስጫን አረንጓዴው መብራት ቦግ አለ። ባለቤቴን ከጓሮ ጠርቼ አሳየኋት።

የጀርባው በር ዙሪያ ብርሃን እንዳይገባ የተለጠፈው ስፖንጅ ቀልጦ ሬንጅ ሆኖ ነበር። በአልኮል ጠርጌ አወጣሁትና በምትኩ ከአባቴ አሮጌ በርኖስ የመዘዝኩትን ጥቁር የፀጉር ክር በቦዩ ውስጥ አስተኛሁበት። እስካሁን አምስት ፊልም ጨርሻለሁ፤ አንድም ቦታ ብርሃን አላስገባም።

ስለዚህ የአባታችሁ ካሜራ ቁም ሣጥን ላይ ካለ እባካችሁ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ፊልም መመለሻውን እጀታ በቀስታ አዙሩት። ከከበዳችሁ ውስጡ ፊልም አለ፤ ከታች ያለውን ትንሽ ቁልፍ ተጭናችሁ እስኪቀል ድረስ ሳትጠቀልሉ ጀርባውን አትክፈቱ። ቀጥሎ የድንጋዩን ክዳን በሳንቲም ፍቱት። ብረቱ አረንጓዴ ዝገት ካወጣ በኮምጣጤ በረጠበ ጥጥ ጥረጉት። ያሺካ ከሆነ ፊልም ማሳለፊያውን ስትስቡ ከውስጥ "ግው" የሚል ድምፅ አድምጡ። ካልተሰማ ውስጡ ያለች ትንሽ የላስቲክ ቁራጭ ረግፋለች፤ እሷን መተካት ይቻላል። ድንጋይ ከናካቴው ባታገኙ እንኳ ያሺካ ያለ ድንጋይ በአንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ ያነሣል፤ የብርሃን ስሜቱ 100 (ISO 100) የሆነ ፊልም አስገብታችሁ የሌንሱን ቀዳዳ ቀለበት በ5.6ና በ8 መካከል ብታደርጉት በጠራ የቀትር ፀሐይ ይበቃችኋል። ካኖኔት ኪውኤል 17ማ ከዚህም ይሻላል፤ ያለ ድንጋይ ሁሉም ፍጥነቶቹ ይሠራሉ፤ የሚተኛው ብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ይህን ዓይነት ካሜራ የሚንቅ ካለ፣ አሜሪካዊው የጠፈር ተጓዥ ጆን ግሌን እ.ኤ.አ. በ1962 ምድርን ሲዞር ይዞት የወጣው ከሱቅ የተገዛ ካሜራ የዚሁ ወገን፣ በሌላ ስም የተሸጠ የጃፓን ሚኖልታ ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ከውስጥ የምታወጡት አሮጌ ድንጋይ የሜርኩሪ ሊሆን ይችላል። ልጆች እንዳይቀጠቅጡት፣ እሳት ውስጥም እንዳይገባ። እኔ የራሴን ክዳን ባለው ጠርሙስ ዘግቼ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጫለሁ። በማዳበሪያው ላይ ካየኋቸው ያሺካዎች የአንዷ ድንጋይ እስካሁን ውስጧ ነው።

ለወጣቱ ቀብድ ሰጥቼዋለሁ። የተረፉትን ሁለቱን ማንም እንዳይነካቸው እስከ ፊታችን ቅዳሜ ያቆይልኛል። ድንጋዩን፣ ካርቶኑንና ትንሽ የበርኖስ ክር ይዤ እሄዳለሁ።

ጡረተኛ መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ