ምረቃውን ሳይሆን መጽሐፉን አንብቡልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄደው ሃይገር ውስጥ ነው፣ መቀመጫ ካገኘሁ ማለቴ ነው። ከኋላ ነው የምጀምረው። ስፖርቱን አልፌ የመጽሐፍ ዓምዱ ላይ እቆማለሁ። ሰሞኑን ግን ይኸው ዓምድ እያናደደኝ ስለመጣ ዝም ማለት አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ታሪካዊ ልቦለድ ዓምዱ ላይ ተሞግሶ አነበብኩ። «ድንቅ»፣ «ዘመን ተሻጋሪ»፣ ምናምን ይላል። ምረቃው ላይ እነማን እንደተገኙ፣ ማን ንግግር እንዳደረገ፣ ማን ግጥም እንዳቀረበ አንድም ሳይቀር ተዘርዝሯል። እኔም አመንኩና ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ወርጄ፣ ክምሩን በክንዱ ተሸክሞ ከሚዞር ልጅ ጋር ተከራክሬ፣ ከ500 ብር በላይ አውጥቼ ገዛሁት። የመጽሐፉንም የደራሲውንም ስም አልጠራም። ልጁ ጀማሪ ነው፣ ደግሞ የተቀየምኩት በእሱ አይደለም። የተቀየምኩት «ድንቅ» ብሎ በጻፈው ሰው ነው። ከገጽ 40 ዘሎ መጨረሻውን ብቻ ያየ ይመስለኛል።

እኛ ሰፈር አንድ መጽሐፍ ለአንድ ሰው አይገዛም፣ አቅሙም የለም። ብሎካችን ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች። መጽሐፎቹ እሷ ጋ፣ ከረከቦቱ ጎን፣ በፌስታል ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለን፦ ያነበበ ሰው መጨረሻ ላይ ባለው ባዶ ገጽ አንድ መስመር ጽፎ ይመልሳል። «እስከ ገጽ 90 ታገሱ» የሚል አለ። «ውጊያው ላይ ዝለሉ፣ ምንም አይቀርባችሁም» የሚል አለ። «ታክሲ ውስጥ እንዳታነቡት፣ አልቅሼ ሰው ጉድ አለኝ» ያለችም አለች። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከእናንተ ግማሽ ገጽ ይልቅ እኔን የሚጠቅመኝ ይሄ ነው።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ታሪኩ ጎንደር ላይ፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን ነው። ጀግናው ገበያ ወጥቶ በቅሎ ይገዛል፣ በማርትሬዛ ብር። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ያስተማሩ ጋሼ አሉን። ጡረታ ወጡ እንጂ እርማት አላቆሙም። በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩበትና ጻፉ፦ «ፋሲል ያረፉት በፈረንጆቹ 1667 ነው። ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ የተወለደችው በ1717። ታዲያ ይህን ብር ማን ቀረጸው?» ሁለት ምዕራፍ ቆይቶ ያው ጀግና ከጠላቶቹ ሸሽቶ ባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ይደበቃል። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በምኒልክ ጊዜ ነው። ሰውዬው ዛፉ እስኪመጣለት ከ200 ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

እውነቱን ለመናገር እኔ ብሩንም ዛፉንም ይቅር እላለሁ። ቢበዛ በሁለተኛው እትም በእስክሪብቶ የሚስተካከል ነገር ነው። (ጋሼ በዚህ አይስማሙም። በላሊበላ ዘመን በርበሬ የሚያስፈጭ ደራሲ አይተው አንድ ሳምንት ሲብሰለሰሉ ነበር። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፣ ኮሎምበስ በፈረንጆቹ 1492 ባሕሩን ሳይሻገር እዚህ ሊገኝ አይችልም ብለው ሲያስረዱን፣ ቡና የምትቀዳልን ልጅ «ታዲያ ዶሮ ወጡን በምን ሠሩት?» ብላ አሳቀችን።) እኔን ያበገነኝ የመስፍኑ ልጅ ናት። አባቷ ለባል ሊሰጣት ሲል ቀና ብላ ምን ትላለች? «አባቴ ሆይ፣ እኔ መጀመሪያ ራሴን ማግኘት አለብኝ።» ኧረ በሕግ! ልጅቷ በቀጥታ ከቲክቶክ ነው የመጣችው። ልብሷ የጎንደር ነው፣ ጭንቅላቷ ግን የዛሬ ነው። ይሄ በእስክሪብቶ አይታረምም። ደራሲው ጠንካራ ሴት ፈልጎ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እዚያው ጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ጭና ከልጇ ጋር አገር የገዛችው በእንደዚህ ዓይነት ንግግር አይደለም። በዘመድ፣ በጋብቻ፣ በሹመት፣ ቁስቋምን አሠርታ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ እያወቀች ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢጽፈው እንዴት ያለ ልቦለድ ይወጣው ነበር! ሐያሲያችሁ አንድ ቃል አላለም።

ታሪካዊ ልቦለድ ታሪክ ብቻ ይሁን ማለቴ አይደለም። በቴዎድሮስ ላይ አቤ ጉበኛም ጽፏል፣ ብርሃኑ ዘሪሁንም ጽፏል። የሁለቱ ቴዎድሮስ አንድ ሰው አይደለም፣ መሆንም የለበትም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ደራሲው የቱ ላይ ከሰነድ ተነስቶ የቱ ላይ ከልቡ እንደወለደ ነው። መጨረሻ ላይ ማስታወሻ ጽፎ እንደሆነም ንገሩኝ። ምክንያቱም እውነቱ ራሱ አንዳንዴ ለማመን ይቸግራል። እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ከህንድ 44 ዝሆን አምጥተው ነው፣ ከባድ መድፍ የሚሸከሙ። ይህን አንድ ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው «ፋንታሲ ነው» ብላችሁ ቦታም አትሰጡትም ነበር።

ፋንታሲ ካልኩ አይቀር ሁለተኛውን ቅሬታዬን ልናገር። ባለፈው አንድ ምናባዊ ልቦለድ አራት መስመር ብቻ ደረሰው። ከአራቱ አንዱ «ለልጆች የሚሆን ተረት» ይላል። ምን ማለት ነው? ተረት መች ነው ስድብ የሆነው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በፈረንጆቹ 1908 ሮም ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» እኮ የንጉሥ ስም፣ ዓመተ ምሕረት የሌለው፣ ሴት ልጅ ወንድ መስላ የምትዞርበት መጽሐፍ ነው። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ውስጥ ደግሞ ገና በማሕፀን ያለ ልጅ አልወጣም ብሎ ይከራከራል። መጽሐፉ የታገደው የልጆች ተረት ስለሆነ ነበር?

እርግጥ ነው፣ ፋንታሲ ነው ተብሎ የሚመጣው ብዙው እጅ እጅ ይላል። አበበ የሚባል ልጅ ሦስት ወር በረዶ በማይቀልጥበት አገር፣ ከተኩላ እየሸሸ፣ ድንጋይ ግንብ ውስጥ ወይን ጠጅ ሲጠጣ አንብቤያለሁ። ከፊልም የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል። እኛ ጋ ጅብ እያለ ተኩላ መዋስ ለምን አስፈለገ? ዘንዶ ካማረው ደግሞ ንጉሥ አርዌ አለለት። በአፈ ታሪኩ አንዱ አነጋገር አንጋቦ አርዌን የጣለው በጎራዴ ሳይሆን መርዝ ያበላትን ፍየል አቅርቦለት ነው። በጉልበት አይደለም፣ በብልሃት ነው።

ያ አራት መስመር የደረሰው መጽሐፍ ግን እንደዚያ አይደለም። ሰባት ሰው ተቀባብለነዋል። ከተማው ሐይቅ ሥር ነው፣ ልጅቷም ድግምት ታውቃለች። ግን ድግምቱን በተጠቀመች ቁጥር አንድ ዘመዷ ስሟን ይረሳል። አያቴ ይህን ብትሰማ አትገረምም ነበር። ዛርም ግብሩን ሳይቀበል የሚሠራው ነገር የለም፣ ዶሮው፣ ቡናው፣ ሽቶው ይቀርብለታል። መክፈል የሌለበት ምትሃት አሰልቺ ነው፣ ጀግናው እጁን ባወናጨፈ ቁጥር ሁሉ ነገር ይፈታል። እዚህ ግን እያንዳንዱን ድግምት «ኧረ ተይ፣ አሁን ደግሞ ማንን ልታጪ ነው?» እያልኩ ነው ያነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ቤቷ ተመልሳ በር ታንኳኳለች። እናቷ ከፍታ ታያታለች። «እንግዳ ነሽ? ግቢ፣ ቡናው ሊፈላ ነው» ትላታለች። በቃ። ደራሲዋ ለቅሶም ሙሾም አልጨመረችበትም። የመገናኛ ማዞሪያ ላይ ነበርኩ፣ ሳልወርድ አለፍኩ።

(ይህን መንገሬ ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ፤ መጨረሻው ግን አይደለም። የእናንተ ሰው እኮ የዚያኛውን ታሪካዊ ልቦለድ መጨረሻ በሁለተኛው አንቀጽ ነው የነገረን፣ ማን እንደሚሞት ጭምር።)

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። የሚጽፈው ሰው መጽሐፉን ይጨርሰው። ካልጨረሰው የት ላይ እንዳቆመና ለምን እንዳቆመ ይንገረን፣ እሱም ራሱን የቻለ መረጃ ነው። ደራሲው ጓደኛው ከሆነ ጓደኛዬ ነው ይበል፣ ማንም አይቀየመውም። የምረቃውን ፎቶ ደግሞ ሌላ ገጽ ላይ አውጡት። ለአንድ መጽሐፍ የአስቤዛ ብር ነክቶ የሚወጣ ሰው መኖሩን አትርሱ።

ጋሼ ፋንታሲ አይነኩም ነበር። «ቀን የሌለው ነገር አላነብም» ነው የሚሉት። ባለፈው መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ግን ያንን የሐይቅ ሥሩን መጽሐፍ ወስደው በሻማ ጨረሱት። መልሰው ሲያስቀምጡት ባዶው ገጽ ላይ፣ ያው በቀይ እስክሪብቶ፣ «ወንዙ ገጽ 60 ላይ ወደ ሰሜን ይፈሳል፣ ገጽ 210 ላይ ወደ ደቡብ። ደራሲዋ ካርታ ትሥራ!» ብለው ጽፈውበታል።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ቡናዬን ይዤ ገለጥኩት። ከጋሼ ጽሑፍ ሥር የዘጠነኛ ክፍሏ ጎረቤታችን በሰማያዊ ቢክ መልሳላቸዋለች፦ «ጋሼ፣ ወንዙን ያዞረችው ገጽ 148 ላይ ነው። ዘለውት ነው።»

አንባቢያችሁ፣
ከየካ አባዶ