ውኃ የማያጠፋው እሳት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ባለፈው በስልክ «ስድሳ ዓመት ሙሉ ከሥሩ የሚነድ መንደር አለ ይላሉ፤ አንድ ባልዲ ውኃ የሚደፋበት ሰው ጠፋ?» ብለሽ ስቀሽ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ በጽሑፍ ላስረዳሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ።

መንደሩ ሴንትራሊያ ይባላል፤ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ በሚባለው ግዛት ውስጥ፣ ከፊላደልፊያ በስተሰሜን ምዕራብ ተራሮች መሃል ነው። መንገዶቹን የቀየሰው አሌክሳንደር ሬይ የሚባል የማዕድን መሐንዲስ ነው። በ1856 ሁለት የከሰል ማውጫዎች ተከፈቱ፣ በ1866 ቦታው የራሱ አስተዳደር ያለው ከተማ ሆነ። በ1890 ነዋሪው 2,761 ደረሰ፤ ከዚያ በላይ አላደገም። ሬይ ራሱ በ1868 መንገድ ላይ ተገድሏል፤ የእሱ ነገር ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።

ከሰል ስልሽ የአንቺን የእንጨት ከሰል እንዳይመስልሽ። የድንጋይ ከሰል ነው፤ ያውም አንትራሳይት የሚባለው ጠጣሩ። ያብለጨልጫል፣ ሲነኩት እጅ እምብዛም አያጠቁርም፣ ለማያያዝም ያስቸግራል። አንዴ ከተያያዘ ግን ያለ ብዙ ጭስ ረጅም ሰዓት ይፋጃል። አቀማመጡም እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ አይደለም። ምድሩ ስለታጠፈ ንጣፉ እንደ ጣሪያ ክዳን ያዘነብላል፤ አንዱ ጫፉ ከአፈሩ ብቅ ይላል፣ ሌላው ወደ ጥልቁ ይወርዳል።

ቆፋሪዎች ደግሞ ከሰሉን በሙሉ አያወጡትም። ክፍል ክፍል እያደረጉ ይቆፍሩና በመሃል የከሰል ምሰሶ ይተዋሉ፤ ተራራውን የሚሸከመው እሱ ነው። በ1930ዎቹ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ሥራ ያጡ ሰዎች ጉድጓድ እየከፈቱ ያንኑ ምሰሶ ሳይቀር ይፈለፍሉት ነበር። ለመንደሩ የተረፈው ከሥሩ ውስጡ ባዶ፣ በየቦታው አየር የሚያስገባ ዋሻ ነው።

እሳቱ የተነሣው በ1962 ነው፣ በኛ ግንቦት 19 ቀን 1954። ብዙዎች የሚቀበሉት ታሪክ እንዲህ ይላል። ከመካነ መቃብሩ አጠገብ ያለ አሮጌ የከሰል ጉድጓድ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ነበር። የሙታን መታሰቢያ በዓላቸው ሲቃረብ ሽታው እንዲጠፋ ቆሻሻው ተቃጠለ፣ ውኃም ተረጨበት። ከጉድጓዱ ግድግዳ ሥር ግን ወደ 4.5 ሜትር የሚሆን ክፍተት ነበር፤ በሸክላ አፈር መደፈን ሲገባው በቆሻሻ ተሸፍኖ ማንም ሳያየው ቀረ። እሳቱ በዚያ ሾልኮ ከሰሉን ያዘ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍነሽ ስታድሪ፣ ጠዋት ገለጥ አድርገሽ ስታራግቢው ይቀላ የለ? እዚያም ድንጋዩ ሙቀቱን እንደ አመድ ይዞ ያቆያል፣ አሮጌዎቹ ጉድጓዶች ደግሞ ያራግቡለታል። ንጣፉ ያዘነበለ ስለሆነ ትኩስ አየር ሽቅብ ሲወጣ ከታች ቀዝቃዛው ይሳባል፤ ልክ እንደ ጭስ ማውጫ። ውኃ ቢደፋም ፍሙ ዘንድ አይቆይም፣ ቁልቁለቱን ይዞ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ሙከራ ቆፍሮ ማውጣት ነበር። ወደ 18 ሺህ ሜትር ኩብ ታስቦ ወደ 45 ሺህ ተቆፈረ፤ እሳቱ ቀደማቸው፣ ገንዘቡም አለቀ። በኔ አስተያየት ትልቁ ጥፋት ሥራው በቀን በአንድ ፈረቃ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሳት ማታ ቤቱ አይገባም። መቆፈሩ ራሱም አዲስ አየር ይከፍትለት ነበር። ቀጥለው ቀጫጭን ጉድጓድ በየ6 ሜትሩ እየበሱ፣ የተፈጨ ድንጋይ በውኃ ለውሰው ወደ ዋሻው ሞጀሩ። የክረምታቸው ብርድ ውኃውን ቱቦ ውስጥ በረዶ አደረገው፤ ያም በ1963 ቆመ።

የሚገድለው ነበልባሉ አይደለም፣ ጋዙ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በቤቶቹ ምድር ቤት ስንጥቅ እየገባ ሰውን ያዝላል። በኛ አገር ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የሚተኛውን ሰው የሚገድለው እሱው ነው፤ ስለዚህ እባክሽ ምድጃውን መኝታ ቤት አታስገቢ። በ1979 ከአንድ ማደያ የመሬት ውስጥ ታንከር የወጣው ቤንዚን 78 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። በ1981 አንድ የ12 ዓመት ልጅ ጓሮ ቆሞ ሳለ መሬቱ ከሥሩ ከዳው፤ የዛፍ ሥር ይዞ ሲንጠለጠል የአጎቱ ልጅ ጎትቶ አወጣው። ጉድጓዱ ወደ 45 ሜትር ይጠልቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት በ1984 ለማዛወሪያ ከ42 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመደበው። ብዙው ሰው ተነሣ፣ ቤቶቹ ፈረሱ፤ በ2002 የፖስታ ቁጥሩ ሳይቀር ተሰረዘ። አንነሣም ያሉት ጥቂቶች በ2013 እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው፤ በ2020 ቆጠራ 5 ሰው ተገኝቷል።

ስለ ቤተ ክርስቲያን መጠየቅሽ አይቀርም። በ1911 የተሠራው የዩክሬን ካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ኮረብታው ላይ ዛሬም አለ። መሬቱ ሲጠና ከሥሩ ከሰል የለም፣ ጠንካራ አለት ነው፤ ምእመናኑ ከሌላ ከተማ እየመጡ ያስቀድሱበታል።

ልጅሽ